የናሆም የክርስትና ስም

ሰውየውን ያወቅኩት በኮቱ ነው። ሰሞኑን አንድ ጠዋት እዚህ ኦንታሪዮ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ ሰፈር፣ ከምኖርበት ሕንጻ በታች አውቶቡስ ስጠብቅ፣ ካፊያ የነካው የሱፍ ጨርቅ ሽታ ድንገት አፍንጫዬ ገባ። ዕድሜዬን ስፓዳይና መንገድ ላይ ኮት ስሰፋ የጨረስኩ ሴት ነኝና ይህን ሽታ ከመቶ ሽታ መካከል እለየዋለሁ። ዞር ስል የግመል ቀለም ያለው ረጅም ኮት አየሁ። ኮሌታው በእጅ የተሰፋ፣ ቁልፎቹ የቀንድ፣ ገበሩ ግን አንዴ የተቀየረ፣ የቀየረውም ሰው ሙያ የሌለው ነው። በእኛ ዘመን እንዲህ ያለ ኮት የነበረው ሀበሻ አንድ ብቻ ነበር። ቀና ብዬ ፊቱን አየሁት። ጋሽ ዘውዱ ነው። አርጅቷል፣ ከዘራ ይዟል፤ ጥርሱ ግን ያው እንደ ጥንቱ ነጭ ነው፣ የራሱ ይሁን የተገዛ እንጃ።

እሱም አወቀኝ። ባርኔጣውን አንሥቶ፣ “አስካለ፣ አለሽ ለካ” አለኝ። እጄን አልሰጠሁትም፤ እግዚአብሔር ይመስገን ማለቱን ግን አልነፈግኩትም፣ እናቴ ለሰላምታ አፍ መንሣት አላስተማረችኝም። ከዚያ ስለ ጓደኛዬ ስለ ጥሩወርቅ ልጅ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ምን ብሎ እንደጠየቀኝ ኋላ እነግራችኋለሁ፤ አሁን ብናገረው ለምን እንደደነገጥኩ አይገባችሁም። አውቶቡሱ መጣ፣ እኔ ገባሁ፣ እሱ ቆሞ ቀረ። ወንበር አግኝቼ ተቀመጥኩ። ልሄድ ያሰብኩበትን ትቼ ወደ ጥሩወርቅ ቤት፣ ወደ ኢስት ዮርክ ለመሄድ ወሰንኩ። አውቶቡሱ በየፌርማታው ሲንቀረፈፍ ሐሳቤ ቀድሞኝ ወደ ድሮው ብሉር መንገድ ሄደ።

ብሉር ላይ፣ ከአንድ ጫማ ጠጋኝ ሱቅ በላይ፣ እኔና ጥሩወርቅ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። የማስቲሽ ሽታው በወለሉ ስንጥቅ እየወጣ ራሳችንን ያዞረን ነበር፤ ቢሆንም ቤቱ ይሞቃል፣ ኪራዩም በሁለት ሰው ደሞዝ ይቻላል። የሰብዌይ፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ መግቢያ ቶከን ከጥፍር የማይበልጥ ቀላል ብረት ነበር፣ በጓንት ሆኖ ከኪስ ማውጣት አይቻልም፣ በየበሩ ላይ ጓንቱን በጥርሱ የሚያወልቅ ሕዝብ ነበር የምታየው። የአንድ ዶላሩ ብር ገና ወረቀት ነበር። ባተርስት መንገድ ጥግ ላይ አምፖሉ እንደ ጥምቀት ዋዜማ የሚንቦገቦግ ትልቅ ርካሽ ሱቅ ነበረ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ሄደን በዘጠና ዘጠኝ ሳንቲም የማንፈልገውን ሁሉ ገዝተን እንመለሳለን። የልብስ ነገርማ አይነሣ፤ ትከሻው ስፖንጅ የታጨቀበት ጃኬት ለብሰን በጠባቡ ደረጃችን ስንወጣ በጎን መዞር ነበረብን። የናፈቀን ዘፈን በካሴት ተቀድቶ ተቀድቶ ነበር የሚደርሰን፣ ዘፋኙ ከማሲንቆው ይልቅ ከካሴቱ ሹሹታ ጋር የሚዘፍን ይመስል ነበር። አሁን ናሆም ስልኬ ላይ ዘፈኑን ሁሉ ጭኖልኛል፣ ጥርት ያለ ነው፤ እኔ ግን ሹሹታው ይናፍቀኛል ብዬ ስነግረው ይስቅብኛል።

ናሆም የጥሩወርቅ ልጅ ነው። አባቱ ካርቱም ቀርቶ ስፖንሰር እስኪደረግ ይጠበቅ ነበር፤ እንደቀረ ቀረ። ጥሩወርቅ ልጁን እንደ ወለደች አንድ ነገር አሰበች፤ ቤት መግዛት። ልጄ ከማስቲሽ ሽታ በላይ አያድግም አለች፣ በቃ። ሁለታችን የምንሠራበት የስፓዳይናው ኮት ፋብሪካ የሚከፍለን በሰፋነው ልክ ስለ ነበር ምሳዋን እንኳ የስፌት መኪናዋ ላይ ሆና ነበር የምትበላው። እኔ ደግሞ ያገኘሁትን በጃኬትና በጫማ እጨርሰዋለሁ። በኋላ ሌላው ሁሉ ተታልሎ ገንዘቡን ሲበላ እኔ ያልተበላሁት ብልህ ሆኜ እንዳይመስላችሁ፣ የሚበላ ስላልነበረኝ ነው።

ጋሽ ዘውዱ ያን ጊዜ የሁላችን መመኪያ ነበር። እንግሊዝኛው የተጠረበ፣ መኪናው ንጹሕ፣ ታሞ ሆስፒታል የተኛ ሲኖር አበባ ይዞ የሚቀድም፣ ለአዲስ መጭ የክረምት ጫማ የሚገዛ። ቀልደኛም ነበር። ባንክ ቤት ሄዶ የፈረንጇን ዓይን ዓይን እያየ፣ በአማርኛ አፍንጫዋን ከማንቆርቆሪያ ሲያመሳስል ፊቱ ላይ ግን ምስጋና ብቻ ይነበብ ነበር። እኛ ከኋላው ሆነን ሳቃችንን መቆጣጠር ያቅተናል። በነገሩ ሁላችንም እንደዚያው ነበርን። ሰብዌይ ውስጥ አጠገባችን የተቀመጠውን ሰው ከእግር እስከ ራሱ እናማዋለን፣ አማርኛ ለእኛ የተዘጋ በር ነበር፣ ማንም አይገባበትም። አሁን ግን በየባቡሩ ሀበሻ ስላለ ሰው ማማት እንኳ በጥንቃቄ ሆኗል።

ይህ ሰው አንድ ልማድ ነበረው። ወንድ ልጅ የወለደ ሰው ሲሰማ ክርስትና ላንሣ ብሎ ይጠይቃል። አገር ቤት የክርስትና አባት የሚሆን ሰው ሞልቷል፤ እዚህ ግን ዘመድ የሌለው ሰው ልጁን የሚያነሣለት አጥቶ ይጨነቅ ነበርና ጥያቄው ከሰማይ የወረደ መና ነበር የሚመስለው። አበልጅ ማለት ደግሞ የምታውቁት ነው፤ ከሥጋ ዘመድ የሚከበር፣ በሐዘንም በደስታም ቀድሞ የሚጠራ፣ በመካከሉ እግዚአብሔር ያለበት ዝምድና። ናሆምንም እሱ አነሣው። ቤተ ክርስቲያናችን የፈረንጆች አዳራሽ በኪራይ ነበር፣ ውኃው በረዶ፣ ልጁ ጩኸቱን አቀለጠው። እኔ ነጭ ጨርቁን ይዤ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ቄሱ ዝቅ ብለው የክርስትና ስሙን ለክርስትና አባቱ ነገሩት፣ እኔም ሰማሁ፣ እናቱም ሰማች። የክርስትና ስም እንደ ማንኛውም ስም በየመንገዱ አይጠራም፤ ክፉ ሰው ጆሮ ከገባ መተት ይሠራበታል ይባላል፣ ስለዚህ ጥሩወርቅ ያን ቀን አፏን ዘጋች፣ እኔም ዘጋሁ።

አበልጆቹ ከበዙ በኋላ ሽያጩ ጀመረ። በዚያ ጊዜ ከሀበሻ ወንድ ግማሹ የሚሠራው መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነበር፣ በክረምት ትንሿ ዳስ ውስጥ ማሞቂያ ታቅፎ ትኬት ይቆርጣል። ጋሽ ዘውዱ ይህን ቁስል ያውቅ ነበር። በየቤቱ እየሄደ እስከ መቼ በሰው ፓርኪንግ ሎት ትቀመጣላችሁ፣ የራሳችንን እንግዛ ይላል። ኩባንያ አቋቁሜያለሁ፣ አክሲዮን ግዙ፣ በየሦስት ወሩ ትርፍ ይደርሳችኋል ይላል። አንድ እሑድ በመኪናው ጭኖን መሐል ከተማ የሚገኝ ሰፊ ሎት አሳየን፣ ከቅዳሴ የመጣን ስለሆንን ሁላችንም ነጠላ ለብሰን ነበር፣ እሱም በዚህ የግመል ኮቱ መሐል ሜዳ ላይ ቆሞ ይህ የእናንተ ነው አለን። አንዳንዱ አስፋልቱን በእጁ ነካው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነበር፣ ግን ያን ቀን ላሚቱ እምቧ ስትል ሁሉም የሰማ መሰለው። ጥሩወርቅ ለቤት ያጠራቀመችውን በሙሉ አወጣች።

ስትፈርም እኔ ነበርኩ። ወረቀቱ ላይ አንድ ጥያቄ ነበር፤ ሻጩ ቅርብ ዘመድዎ ወይም የልብ ወዳጅዎ ነው ወይ የሚል። ጋሽ ዘውዱ በጣቱ አሳያትና ፈገግ አለ። ጥሩወርቅም ይሄማ ምን ይጠየቃል፣ አበልጄ አይደል ብላ አዎ የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። የቀሩትም ሁሉ እንደዚያው አደረጉ። ማናቸውም አልዋሹም። ያ ጥያቄ ለምን እንደተጻፈ ግን ከእሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

አንድ ዓመት ያህል ትርፍ የሚባለው መጣ፣ ከዚያ ዘገየ፣ ከዚያ ቀረ። አንድ የእኛ ልጅ ያ ያየነው ሎት ላይ ሥራ ተቀጠረና ባለቤቱ ሌላ ሰው እንደሆነ፣ ሊሸጥም አስቦ እንደማያውቅ ነገረን። ጥሩወርቅ ያን ዕለት አላለቀሰችም፤ ናሆምን አቅፋ መስኮቱ ጋ ቆማ ቀረች። እኔ ነኝ ያለቀስኩት፣ ንዴት ነው፣ ባገኘው በመቀሴ እበጥሰው ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ፀጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች አንዲት ፈረንጅ ወደ ቤታችን መጣች፣ አስተርጓሚ ይዛ። የኦንታሪዮን የአክሲዮን ሽያጭ ከሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ነኝ አለች። ነገሩን ቀስ አድርጋ አስረዳችን። በሕጉ መሠረት አክሲዮን ለሰው የሚሸጥ መመዝገብ አለበት፣ ስለ ኩባንያውም ክፉውንም ደጉንም የሚናገር ሰነድ ማቅረብ አለበት። ለቅርብ ዘመድና ለልብ ወዳጅ የሚሸጥ ግን ከዚህ ሰነድ ነፃ ነው፤ ምክንያቱም ቅርብ ሰው የሻጩን ጠባይ ያውቀዋል፣ ሲዋሽም ይነቃበታል ተብሎ ነው። በአንድ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ብቻ ግን ለዚህ አይበቃም። ገንዘቡ በብዙ እጅ ስላለፈ ማታለሉን ማስረዳት ረጅም ጊዜ ይፈጃል፤ ያለ ሰነድ መሸጡን ግን ቶሎ ማስረዳት ይቻላል፣ በባንክ የቀረውን ገንዘብም እንዳያወጣው ማሳገድ ይቻላል። ይህ የሚሆነው ግን እናንተ ቅርብ ሰዎቹ ካልነበራችሁ ነው አለች። ጥሩወርቅ ቀርባ እንድትመሰክር ለመነቻት።

ሴትዮዋ ስትወጣ ጥሩወርቅ ራሷን ያዘች። “አስኩ፣ ምን ልበል? ልጄን በታቦት ፊት አንሥቶታል። የሆነውን አልሆነም ልበል?” አለችኝ። ሌባን ሌባ ነው ብትይ ምን አለበት አልኳት። አልገባሽም አለችኝ፤ ሌባነቱን አልጠየቁኝም፣ ዝምድናውን ነው የጠየቁኝ። እውነቷን ነበር። ዘመድ ነው ካለች ነፃ ይወጣል፣ ዘመድ አይደለም ካለች በእግዚአብሔር ፊት የተደረገውን ካደች ማለት ነው። የቤቷ ገንዘብ በዚህች አንዲት ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ይባስ ብሎ ጋሽ ዘውዱ ሽማግሌዎች ላከባት። ሦስቱም የምናከብራቸው ሰዎች ነበሩ፣ ሁለቱ ራሳቸው የተበሉ። ገብተው ቆሙ፣ እሺ ካላልሽን አንቀመጥም አሉ። አበልጅ አይካሰስም፣ ልጁ አድጎ እናቱ የክርስትና አባቱን ፈረንጅ ፊት እንዳቆመች ቢሰማ ምን ይላል፣ ያለውን እውነት ብቻ ተናገሪ፣ አበልጄ ነው በይ፣ እሱም ቀስ እያለ ይከፍላል አሉ። የቀሩት አበልጆች ሁሉ በዚህ ዓይነት ተለምነው አንመሰክርም ብለው ነበር። ጥሩወርቅ ወንበር አቀረበችላቸው፣ አልተቀመጡም። አስብበታለሁ አለቻቸው። እኔ ከወጡ በኋላ ደረጃው ላይ ሆኜ ያልኳቸውን እዚህ አልጽፈውም።

በምስክርነቱ ቀጠሮ ጠዋት መሐል ከተማ ካለው ረጅም ሕንጻ ገባን። ጥሩወርቅ እኔ በትርፍራፊ ሱፍ የሰፋሁላትን ሰማያዊ ኮት ለብሳለች። ምን እንደምትል አልነገረችኝም፣ እኔም ፈርቼ አልጠየቅኳት። ክፍሉ ምንጣፍ የተነጠፈበት፣ ጸጥ ያለ፣ ሦስት ዳኞች ከፊት፣ መሐል የተቀመጠችው ሽበታም ሴት። ጋሽ ዘውዱ ከጠበቃው ጎን በግመል ኮቱ ተቀምጧል። ከኋላ ሽማግሌዎቹና አበልጆቹ ሁሉ ሰልፍ ብለዋል፤ አይመሰክሩም እንጂ ለመስማት ማን ይቀራል። አስተርጓሚዋ ገና ልጅ እግር ናት፣ የሚባለውን ሁሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ እተረጉማለሁ ብላ ማለች።

የጋሽ ዘውዱ ጠበቃ ጥሩወርቅን ይህ ሰው ምንዎ ነው ብሎ ጠየቃት።  ጥሩወርቅ አበልጄ ነው አለች። አስተርጓሚዋ አበልጅ ምን እንደሆነ ስታስረዳ ጋሽ ዘውዱ ወደ ወንበሩ ተደገፈ፣ ያ ጥርሱ ታየ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ አለቀ አልኩ በልቤ።

ጥሩወርቅ ግን አልጨረሰችም። “የክርስትና አባት የልጁን የክርስትና ስም ያውቃል፤ ከቄሱ አፍ የሚቀበለው እሱ ነው” አለች። “የልጄን የክርስትና ስም ይንገረኝ። ከነገረኝ ዘመዴ ነው፣ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።”

ጠበቃው ተነሥቶ ይህ ከጉዳዩ ጋር ምን አገናኘው አለ። ሽበታሟ ዳኛ የጉዳዩ ጥያቄ ምን ያህል ቅርብ ናቸው የሚለው መሰለኝ አለችና፣ መመለስ ከፈለጉ ይችላሉ አለችው። ጋሽ ዘውዱ ተነሣ። የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ፣ ፈታ። ስንቱን ልጅ አንሥቷል፤ የትኛውን ስም ከየትኛው ይለየው። ላብ ግንባሩ ላይ ሲወጣ ከጎን ሆኜ አየሁ። ከዚያ ያ የለመደው ነገር አታለለው መሰለኝ። ፊቱን በፈገግታ ሞልቶ፣ ድምጹን ዝቅ አድርጎ፣ ልክ ባንክ ቤት እንደሚያደርገው፣ በአማርኛ፣ “ጥሩዬ፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ፣ ግማሹን ዛሬውኑ እመልስልሻለሁ” አላት።

አስተርጓሚዋ ወደ ዳኞቹ ዞረች። ከዚያ ያለውን ሁሉ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ፣ በእንግሊዝኛ ለዳኞቹ ነገረቻቸው።  ጠበቃው ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከኋላ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ባርኔጣውን ይዞ ተነሥቶ ወጣ፣ የቀሩትም ተከተሉት። ዳኛዋ ጥሩወርቅን የልጁን ስም ለመዝገቡ እንድትናገር ጠየቀቻት። ጥሩወርቅ እሱ ባለበት አልናገርም አለች፣ አልተናገረችምም።

ውሳኔው ወራት ፈጀ። በክፍለ ሀገሩ ሁለተኛ አክሲዮን እንዳይሸጥ ታገደ፣ መቀጫ ተጣለበት፣ የታገደው ገንዘብ ለተበሉት ተከፋፈለ። ለጥሩወርቅ የደረሳት ከከፈለችው ጥቂቱ ነው፤ ጥርሷን ነክሳ እንደገና ሀ ብላ ጀመረች፣ ኢስት ዮርክ ውስጥ ያለችውን ትንሿን የጡብ ቤት የገዛችው ናሆም ጺም ሲያወጣ ነው። ጋሽ ዘውዱ ወደ ምዕራብ፣ ወደ አልበርታ ሄደ ተባለ። ስለ እሱ ለናሆም እንዳልነግረው ጥሩወርቅ አስማለችኝ፤ ልጅ በክርስትና አባቱ ማፈር የለበትም፣ ሩቅ አገር አለ ብለን እንተወው አለች። የክርስትና ስሙን ራሱን ናሆም ያወቀው ሲያገባ ነው፣ ቄሱ ስለሚጠይቁ እናቱ ነገረችው። አሁን ናሆም መሐንዲስ ነው፣ ሚስቱ ወንድ ልጅ ወልዳለታለች፣ እኔንም አክስቴ ብሎ ነው የሚጠራኝ።

ከአውቶቡሱ ወርጄ እየተጣደፍኩ የጥሩወርቅን በር አንኳኳሁ። እግሯን ስለሚያማት ለመክፈት ቆየች። ፊቴን አይታ ማን ሞተ አለችኝ። ማንም አልሞተም፣ ጋሽ ዘውዱን አገኘሁት አልኳት። ወንበሩን ያዘች። ምን አለሽ አለችኝ። አሁን ለእናንተም ልንገራችሁ፤ ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላም ካለኝ በኋላ ያለኝ ይህ ነው፣ “ፍሥሐ ጽዮን እንዴት ነው? አባት ሆነ አሉ።”

ጥሩወርቅ ተቀመጠች። “ማን ነገረው?” አለች።

ማንን እንቆጥራለን። ቄሱ ከሞቱ ቆይተዋል። እኔ አልተናገርኩም። እሷ ሦስት ዳኛ ሲጠይቃት ያልተናገረችው ነው። ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ስልኩን አየነው። ደወለች፣ እኔም እንድሰማ ድምጹን ከፍ አደረገችው። ናሆም ሥራ ላይ ነበር። ጋሽ ዘውዱን አግኝተኸዋል ወይ አለችው። እሱም ሳቅ ብሎ፣ ሰርፕራይዝ ላደርግሽ ነበር ማሚ፣ በፌስቡክ ፈልጎ አገኘኝ፣ ልጄንም ክርስትና አነሣለሁ ብሏል አላት። የእኔንም የክርስትና ስም ረስቼዋለሁ ብሎ አልቅሶ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት አለ። ጥሩወርቅ ሌላስ ምን ነገረህ አለችው። ሌላማ፣ የወንድሙ ልጅ ኩባንያ አለው፣ ቤቶች ይሠራል፣ አክሲዮኑን ልገዛ ዛሬ ከሥራ በኋላ ሳይን አደርጋለሁ፣ ቤቴን አስይዤ፣ ሪፋይናንስ አድርጌ ነው አለ። ወረቀቱ ላይ ምን ይጠይቃል አለችው። “ኖርማል ነው ማሚ። ዘመድ ነህ ወይ ይላል። የስ አልኩ። ጋሽ ዘውዱ እኮ ፋሚሊ ነው።”

ጥሩወርቅ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። እኔ ጩኺበት ልላት ነበር። እሷ ግን ዝቅ ባለ ድምጽ፣ ከዚያ ቀዝቃዛ አዳራሽ ወዲህ ከአፏ ሰምቼው በማላውቀው ስም ጠራችው።

“ፍሥሐ ጽዮን፣ ልጄ፣ ብዕሩን አስቀምጥና ስማኝ” አለችው።

 ናሆም የቢሮውን በር ሲዘጋው ሰማን። እሺ እማዬ፣ እየሰማሁሽ ነው አለ። ጥሩወርቅም ታሪኩን ከጫማ ጠጋኙ ሱቅ ጀመረችለት።